ሽበሺ ለሚስቱ የገዛው መጠባበቂያ ፓራሹት

ሽበሺ ቀናተኛ ነው ቢባል በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ከተማ ውስጥ የሚያምን ሰው አይገኝም ነበር። በኢንዱስትሪ ቀጠናው ባለ የማሸጊያ ፋብሪካ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሠርግ ላይ ዳር ይዞ የሚቀመጥ፣ ሚስቱ ሙሉሽ እስክስታ ስትወርድ በሩቁ እያየ ፈገግ የሚል ሰው። በልጅነቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥቶ እዚሁ አደገ፤ በአየር ወለድ ጦር አገለገለ፤ ሙሉሽን አግብቶ ሮተም የምትባል ሴት ልጅ ወለደ። ቅናት የያዘው ጠጉሩ ገብስማ ከሆነ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ሙሉሽ አርባ ዓመት ሲሞላት ነው። በኩፓት ሆሊም፣ በጤና ጣቢያው፣ አብረዋት ሕመምተኛ የሚመዘግቡ ሴቶች አዋጥተው፣ ከአስተማሪ ጋር በፓራግላይደር የምትበርበት አንድ ጠዋት ስጦታ ሰጧት። ከተራራ አፋፍ ሮጠው የሚነሡበት፣ ሞተር የሌለው፣ እንደ ጭልፊት በነፋስ የሚንሳፈፍ የጨርቅ ክንፍ ነው። «አንዴ አይቼው ልመለስ» ብላ ሄደች፤ ልቧ ግን እዚያው ቀረ። ትምህርት ገባች፣ ፈቃድ አወጣች፣ የራሷን ክንፍ ገዛች። ዓርብ ጠዋት የሰንበቱን ምግብ አሰናድታ ትወጣለች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ፊቷ በነፋስ ቀልቶ ትመለሳለች።

አስተማሪዋ ኦዴድ ይባላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር የሚኖር፣ ሚስቱን የፈታ፣ ቀጭን ረጅም ሰው ነው። መጀመሪያ ስሙ አልፎ አልፎ ይነሣ ነበር። ኋላ ግን ራት ላይ የማይቀር ሆነ። ኦዴድ ነፋሱ ጥሩ ነው አለ፤ ኦዴድ ጫማሽን ቀይሪ አለ። ሽበሺ እየጎረሰ ውስጡ እርር ድብን ይላል።

አንድ ቀን አማቱን እማማ አያለችን ሊያማክር ሄደ።

«እማማ፣ ልጅዎን ቢመክሩልኝ። ከቤት ጠፋች እኮ።»

«የት ሄደችብህ?»

«ሰማይ ላይ ናት።»

«ከማን ጋር?» አሉ አሮጊቷ ደንግጠው።

የሙሉሽ ክንፍ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። «ብቻዋን» አለ ሽበሺ።

«ታዲያ ብቻዋን ከሆነች አንተን ምን አንገበገበህ ልጄ?» አሉት። አፍሮ ወጣ።

ቁርጡ የመጣው በመጠባበቂያው ፓራሹት ነው። የሚበር ሰው ዋናው ክንፍ አየር ላይ ተጨማዶ አልስተካከል ቢለው ወርውሮ የሚዘረጋው ሁለተኛ ፓራሹት ይይዛል፤ ከመቀመጫ መታጠቂያው ጋር ታጥፎ ይቀመጣል። የሙሉሽ መጠባበቂያ ከሌላ በራሪ የተገዛ አሮጌ ነበር። ኦዴድ የመፈተሽና የማጠፍ ፈቃድ ስላለው በየዓመቱ ይፈታዋል፣ ያናፍሰዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። በዚያ ዓመት ሲፈታው ገመዶቹን ያሰሩት ላስቲኮች ደርቀው እጁ ላይ ተበጣጠሱ፤ ጨርቁም ሳስቷል። «ይሄ ዕድሜውን ጨርሷል፤ አዲስ ያስፈልግሻል» አላት።

ሙሉሽ ይህን ካርሜ ጋት ሰፈር ባለው ቤታቸው ራት ላይ አነሣችው።

«አራት ማዕዘኑ ይሻልሻል አለኝ። ሲወርድ ብዙ አይወዛወዝም፤ መንዳት ምናምን የለውም፣ ወርውሮ መጠበቅ ነው። መጠኑንም ነገረኝ።»

«መጠንሽን በምን አወቀ?»

«መዘነኛ።»

ሽበሺ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን? እሱ?»

«ከነሙሉ ዕቃዬ ሚዛን ላይ አቆመኝ። የሁላችንንም ነው የሚመዝነው።»

«የሁላችንንም» ያለችውን አልሰማም። ሌላ ወንድ የሚስቱን ክብደት ያውቃል፤ እሱ አያውቅም።

«የፓራሹት ነገር ለኔ ይነገረኛል? ከአውሮፕላን የዘለልኩት እኔ አይደለሁ?» እያለ ለራሱ፣ በማግስቱ በምሳ ሰዓት በስልኩ ከአንድ ሱቅ አዘዘ። አራት ማዕዘኑን አልፎ፣ እየነዱ የሚወርዱበትን፣ ክብደቱ ቀላሉን፣ ውዱን መረጠ። መጠን ሲጠይቀው፣ በሠርጓ ቀን አቅፎ በደረጃ ያወጣትን ሙሽራ አሰበና የእሷን ክብደት ሞላ።

ዕቃው ሲመጣ ሙሉሽ በደስታ ከፈተችው። የተለጠፈውን ጽሑፍ ስታነብ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ሽበሺ፣ እኔ ስንት ኪሎ ነኝ ብለህ ነው?»

ነገራት። ሳቀች። «እሷማ ሮተምን ሳትወልድ የነበረችው ናት!» ከዚያ ሳቋን ተወች። «የሚቆጠረው ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ክንፉ፣ መታጠቂያው፣ የራስ ቁሩ፣ የምጠጣው ውሃ ሳይቀር ነው። ይሄ ለኔ ትንሽ ነው። ፈጥኖ ያወርደኝና እግሬ ይሰበራል።»

«የሚነዳ እኮ ነው። የፈለግሽበት ትወርጃለሽ።»

«ለመንዳት መጀመሪያ የተጨማደደውን ክንፍ ጎትቼ መሰብሰብ አለብኝ። ስወድቅ ይሄን ሁሉ የማደርግበት ልብ ከየት አመጣለሁ? ኦዴድ እኮ—»

«ኦዴድ! ኦዴድ!» ሽበሺ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው። «የማይሆነው እሱ ስላልመረጠው ነው!»

ሙሉሽ ፓራሹቱን ወደ ካርቶኑ መለሰችው። «እሑድ የማጠፊያ ቀናችን ነው» አለች ቀስ ብላ። «አዲስ እስክገዛ የማኅበሩን አውሰውኛል፤ እሱን እናጥፋለን። ናና በዓይንህ እይ።»

የበራሪዎቹ ማኅበር ለማጠፊያ የሚከራየው የአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። ከጣሪያው ብረት ገመድ ወርዷል፤ በራሪው ከነመታጠቂያው ይሰቀልና ያወዛውዙታል፤ «ጣል!» ሲባል እጀታውን መዝዞ መጠባበቂያውን አሽቀንጥሮ ይወረውራል። ሙሉሽን ያወዛወዛት ኦዴድ ነበር። የያዘው ግን ወገቧን አልነበረም፣ የመታጠቂያውን ማሰሪያ ነበር፤ ሽበሺ አጣርቶ አየ። «ጣዪ!» ሲላት ቀዩ ጨርቅ በአዳራሹ ወለል ላይ ፍስስ አለ።

ማጠፉ ተከተለ። አንዱ ገመዱን ወጥሮ ይይዛል፤ ሌላው ጨርቁን ንብርብር በንብርብር ያስተኛል። ሙሉሽና ኦዴድ ተንበርክከው ሥራቸውን ያዙ። አይነጋገሩም። የአንዱ እጅ ሲያነሣ የሌላው እጅ ይቀበላል። ሽበሺን ከሁሉ ይልቅ ያቃጠለው ይህ ዝምታ ነበር። ሮተም ሕፃን ሳለች እሱና ሙሉሽም ሲያጥቧት እንዲህ ነበሩ፤ መቼ እንደቀረ አያስታውስም።

«እኔ ልያዝ» አለ።

ኦዴድ ቀና ብሎ አየውና ቦታውን ለቀቀለት። «ወጠር አድርገህ ያዝ እንጂ አትጎትት» ብቻ አለው።

ሽበሺ ጎተተ። የተነባበረው ጨርቅ ተናደ፤ ገመዶቹ ተቋለፉ።

«ችግር የለም፣ እንደገና እንጀምር» አለ ኦዴድ። ትዕግሥቱ ከስድብ ባሰበት። ሽበሺ ከፊተኛው አብልጦ ጎተተ።

ሙሉሽ መዳፏን ጨርቁ ላይ አሳረፈች። «ልቀቀው» አለችው በአማርኛ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙባት። «በንዴት የታጠፈ ይዤ አልበርም።»

ወጥቶ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሙሉሽ ሥራዋን ስትጨርስ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«በጦሩ ስትዘል ፓራሹትህን ማን ነበር የሚያጥፍልህ?»

«ወታደሮች። እዚያ የተመደቡ ልጃገረዶች።»

«ታውቃቸው ነበር?»

«አንዷንም።»

«አምነህ ግን ዘለልክ።»

«ሰውዬው ላይ ክፉ ነገር አላየሁም» አለ ሽበሺ። «ግን አንድ ቀን ብትወድቂ የሚይዝሽ እሱ የመረጠው፣ እሱ ያጠፈው ነው። ያን ያህል ዘመን አብሬሽ ኖሬ እኔ በምኔ ልያዝሽ?»

ሙሉሽ እጁን ያዘች። «እሱ ከመምረጡ በፊት ጠየቀኝ፣ ሽበሺ። ስንት ትመዝኛለሽ፣ ስትደነግጪ ምን ታደርጊያለሽ አለኝ። አንተ አልጠየቅኸኝም።»

ቤት ሲገቡ ጠየቃት። ሙሉሽ ዕቃዋን ሁሉ ተሸክማ ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ ቁጥሩን አብረው አዩት፣ አብረው ሳቁ። ትንሹ ፓራሹት ወደ ሱቁ ተመለሰና ለክብደቷ በሚሆን አራት ማዕዘን ተለወጠ።

ሽበሺ ከዚያ በኋላ ነገሩን ገባበት። መጠባበቂያው በበጋ መኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንዲውል አይፈቅድም፤ ሙቀት ጨርቁን ያደክማል። እርጥብ ሣር ላይ ያረፈች ቀን ሳይደርቅ ቁምሳጥን አይገባም። ዕድሜው ያለቀውን አሮጌውን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቶ ማጠፍ ይለማመድበታል፤ አሁን ወታደር የሆነችው ሮተም ለዕረፍት ቤት ስትመጣ ገመዱን እየተሻገረች ታልፋለች። በቀጣዩ የማጠፊያ ቀን ገመዱን የያዘው እሱ ነበር፤ አልጎተተም። ኦዴድ ሁሉን አገላብጦ ፈተሸና «ጥሩ ነው» አለ። ሽበሺ ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ምስጋና ከዚህ ሰው አፍ መጠበቁ ቆረቆረው።

አንድ ዓርብ ጊልቦዓ ተራራ ላይ አብሯት ወጣ። ከመነሣቷ በፊት የመጠባበቂያው መቆለፊያ ሽቦ በቦታው መሆኑን፣ እጀታውም በደንብ መግባቱን በእጁ ዳስሶ አረጋገጠ። «እሺ፣ ሂጂ» አላት። ሮጠች፤ መሬቱ ከእግሯ ሥር ሸሸ።

ከእሷ ቀጥሎ ኦዴድ ተነሣ። ሁለቱ ክንፎች ወደ ላይ የሚነሣ አንድ ሞቃት አየር ውስጥ ገብተው ክብ እየሠሩ ከፍ ከፍ አሉ። ሽበሺ አንገቱ እስኪያመው አንጋጦ አያቸው፤ ያ የታወቀ እሳት ደረቱ ውስጥ ተነሣ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ቁልቁለቱን ተያያዘው፤ ሙሉሽ ስታርፍ ማረፊያው ላይ መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ እንዲሆን።