ለባንቺአየሁ ዐይን የተቆረጠ ሌንስ

ጎንደር ውስጥ ጃቢር የሚታወቀው በእጁ እርጋታ ነው። አባቱ ዐብዱረሕማን ቅዳሜ ገበያ ዝግጁ መነጽር ሲሸጡ ኖሩ፤ እሱ ግን የአንድን ሰው ዐይን ለክቶ፣ ለዚያ ዐይን ብቻ የሚሆን፣ ብሌኑ ላይ የሚቀመጥ ሌንስ በኮምፒውተር ነድፎ ይቆርጣል።

ባንቺአየሁን ከመካነ ብርሃን ይዟት የመጣው አንድ ልጇ ምንይችል ነበር። የዐይኗ ፊት እንደ ሾጣጣ ጉብታ ወጥቶ፣ ሰው ሁሉ ጭጋግ ሆኖባታል።

"ይኸን ልጅ በደንብ ያየሁት ሕፃን ሳለ ነው፤ አሁን ጢም አበቀለ ይሉኛል" አለች ስትለካ።

ምንይችል ሳቀ። "ሸጋ ነኝ፣ እማ። ታይኛለሽ።"

ሌንሱ ሳይቆረጥ ምንይችል ሞተ፤ ድብ ባሕር መንገድ ላይ ማኪና ተገልብጦ። የባንቺአየሁ ወንድም ማሩ ብቻውን መጥቶ ጃቢርን ለመነው።

"መርዶው አልተነገራትም። አልቅሳ ዐይኗ ካበጠ የለካኸው ሁሉ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ትይ። ከዚያ አገሯ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ ይነግራታል።"

"እሺ፣ አያ ማሩ።"

አልማዝ ጫፍ ያለው መቁረጫ በሚሽከረከረው ፕላስቲክ ላይ ሲያፏጭ ዋለ። ከፀጉር የቀጠነ ስሕተት የማያልፈው ጃቢር፣ ያን ቀን እንባው እየጋረደው ደጋግሞ ማሽኑን አቆመ።

በቀጠሮው ማሩ ባንቺአየሁን ይዞ መጣ፤ ታናሽ እህታቸው እስከዳርም ተከትላ ገብታ ጥግ ተቀመጠች። ባንቺአየሁ ሰው የምትለየው በድምፅ ነውና፣ መርዶውን ሲሸሽጓት የሚጠብቁት ምላሳቸውን ብቻ ነበር። ጃቢር እንደ ትንሽ ጽዋ ጎድጎድ ያለውን ሌንስ በንጹሕ የጨው ውሃ ሞልቶ ዐይኗ ላይ አኖረው።

"ውይ! በድምፅህ ቀጭን ትመስለኝ ነበር፤ ለካ ቦርጫም ነህ!"

ጃቢር እንደ ነገሩ ሳቀ። እሷ ወደ ጥጉ ዞራለች።

"ምነው ምንይችል ቀረ? እስከዳር፣ አንቺ..."

እስከዳር ነጠላዋን ወደ ፊቷ ለመሳብ ዘገየች። ራሷ ተላጭቷል። ጉንጯ ላይ የጥፍር ሰንበር ደርቋል። ባንቺአየሁ ወደ ማሩ ዞረች፤ ጥቁር ለብሷል። ዐይኑን ሰበረ።

ባንቺአየሁ ገባት። ድምፅዋ ከሆዷ ወጣ፦

"ዐይኔ ታሞ ሳለ ልጄ ነበር ጤና፣
ዐይኔ የዳነ ለት ልጄ ቀረ መና።"

ጃቢር ጎንበስ አለ። "እናቴ፣ ሌንሱን ላውጣልዎት። ሲያለቅሱ ያምዎታል።"

እጁን ያዘችው።

"አታውጣብኝ። ፊቱን ከነፈጋችሁኝ፣ መቃብሩን እንኳ በቅጡ ልየው።"