በዳዊቱ ላይ የሣልኋት ጉማሬ

ነሐሴ በገባ ቁጥር አሁን የምኖርባት የዘንዘልማ ልጆች ጅራፍ ማጮህ ይጀምራሉ፤ እኔም ሥራና ልጅ ይዤ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ድምፁ ከጀርባዬ ሲመጣ ትከሻዬ ሳላዘው ወደ ጆሮዬ ይሰበሰባል። ለእነሱ ቡሄ ነው። ለእኔ የአባቴ አለንጋ ነው።

ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበር፤ በማኅሌት ድምፁን ሲያሰማ ሴቶች እንባቸውን የሚጠርጉለት፣ ተማሪዎቹ ጉልበቱን ለመሳም የሚሽቀዳደሙለት ሰው። ቤት ሲመለስ ግን አለንጋው ከበሩ ጎን ተሰቅሎ ይጠብቀው ነበር። ወጥ ቢቀጥን እናቴን፣ ንባብ ቢጠፋኝ እኔን ይገርፍ ነበር፤ ገርፎ ሲጨርስም ውኃ ጠጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ዳዊቱን ይደግም ነበር።

ስምንት ዓመት በሞላኝ ክረምት አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከድሬዳዋ ተዛውሮ መጥቶ ከአጥራችን ማዶ ተከራየ። ልጁ ሳባ እኩያዬ ነበረች፤ ለጀማሪ ልጆች የተዘጋጀ የሥዕል መጽሐፍ ነበራት፣ በውስጡ ያሉት የካርቱን እንስሳት ሁሉ ይስቃሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በረንዳቸው ላይ በሆዳችን ተኝተን ጉማሬ መሣል ታስተምረኝ ነበር።

«መጀመሪያ የተጋደመ እንቁላል ሣዪ፤ እሱ አፏ ነው። ከላዩ ትንሽ እንቁላል፣ ጭንቅላቷ። አሁን ጆሮዎቿን። ጥርሷን ሁለት ብቻ አድርጊ፣ ከበዛ ትቆጣለች!»

ከዚያ በኋላ እጄ አላርፍ አለ፤ አመድ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ክንዴ ላይ ጉማሬ እሥል ነበር። ወረቀት ግን ቤታችን ውስጥ ብርቅ ነበር። አንድ ቀን አባቴ በሌለበት ዳዊቱን ከማኅደሩ አውጥቼ ስገልጥ የመጨረሻው ብራና ምንም ያልተጻፈበት፣ ንጹሕ ሆኖ አገኘሁት፤ በሳባ እርሳስ ሣልሁበት። እንደዚያች ያለች ቆንጆ ጉማሬ ሥዬ አላውቅም ነበር።

ያ ዳዊት አባቴ ከመምህሩ የወረሰው ነበር። ሥዕሉን ሲያይ አልጮኸም። መጽሐፉን ቀስ ብሎ አስቀምጦ አለንጋውን አወረደ። የመጀመሪያዎቹን አስታውሳለሁ፤ ኋላ ግን መቁጠር አቃተኝ፣ ቀሚሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ፣ አፌ አፈር በአፈር ሆኖ፣ እናቴ «በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ! ሕፃን ናት!» እያለች እግሩ ላይ ስትወድቅ በርግጫ ሲመልሳት ብቻ ነው የማየው።

ያን ጊዜ አጎቴ ዳኘው ደረሰ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሚስት ያላገባ፣ በደንገል ታንኳ ዓሣ እያጠመደ የሚኖር። የአባቴን እጅ ከአየር ላይ ያዘው።

«መሪጌታ፣ ይበቃዎታል።»

አባቴ በሌላ እጁ መቋሚያውን አንስቶ ግንባሩን መታው። ደሙ ዓይኑን ሸፈነው፤ ዳኘው ግን መልሶ አልመታም፣ የያዘውን እጅም አልለቀቀም። ሁለቱ እንዲያ ተያይዘው ቆመው ሲንቀጠቀጡ ቆዩ፤ በመጨረሻ አለንጋው ወደቀ።

መስከረም ጠባ፣ መስቀልም አለፈ። ሐይቁ ሞልቶ ጉማሬዎቹ ሣሩን ተከትለው ወደ ዳር ይቀርቡ ነበር። አንድ ጠዋት እኔና እናቴ ዓሣ ልንቀበል ዳር ላይ ቆመን ሳለ የዳኘው ታንኳ ከሥሩ ተነሣና ለሁለት ተቀነጠሰ። ውኃው ተከፍቶ ያ አፍ ወጣ። ጉማሬዋ ጭኑን ነክሳ ስታርገበግበው፣ «ድረሱልኝ!» ሲል፣ ድምፁ በውኃ ሲታፈን ሰማሁ። ወንዶች ጄሪካን እየደበደቡ፣ ድንጋይ እየወረወሩ ገብተው ጎትተው አወጡት። እናቴ መቀነቷን ፈትታ ጭኑን ስታስር ነጭ አጥንቱን አየሁት። በሦስተኛው ቀን ጉማሬዋን በጥይት መትተው፣ አልሞት ስትላቸው በመጥረቢያ ጨረሷት፤ ግልገሏ ከቄጠማው ውስጥ ስትጮኽ ዋለች።

ሐኪሞች እግሩን ቆረጡት፤ ቁስሉ ግን አመረቀዘ። በጋው እየገፋ ሲሄድ እኛ ቤት፣ መደብ ላይ ተኝቶ በትኩሳት ይቃጠል ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠራኝ።

«አንች ልጅ፣ ያችን የተገረፍሽባትን ጉማሬ እስቲ ሣዪልኝ።»

«በላችህ እኮ!» አልሁት።

«ልጇን ይዛ ነበር። እኔ ነኝ መካከላቸው የገባሁ። ስትስቅ አድርገሽ ሣያት፤ ሌላዋ ሁልጊዜ ዓይኔ ላይ ናት።»

ከሰል አምጥቼ ከአጠገቡ ግድግዳው ላይ ጀመርሁ። ጥርሶቿ ላይ ስደርስ አባቴ ገባ። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አነሣ። ዳኘው ከትራሱ ቀና ሊል ሞከረና አቃተው።

«መሪጌታ፣» አለ፣ «ዛሬ ተነሥቼ ልይዝዎት አልችልም።»

አባቴ እጁን እንዳነሣ ብዙ ቆየ። ከዚያ አውርዶ ወጣ። ሥዕሉን ጨረስሁ፤ ዳኘው እያየ ፈገግ አለ፤ በነጋታው ሞተ።

አባቴ በዚያ የተለወጠ መስሎኝ ነበር። አርባው ሳይወጣ ግን «ለቅሶ አበዛሽ» ብሎ የእናቴን ጥርስ ሰበረ። በማግሥቱ እናቴ እጄን ይዛ በጀልባ ወደ ወላጆቿ አገር፣ ወደ ደልጊ ወሰደችኝ፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ አንዴም ወደ ኋላ ሳትዞር። እኔ ግን ከተማው እስኪጠፋ ድረስ እያየሁ አለቀስሁ፤ ለሳባ፣ ለዳኘው፣ ለመናገር ባፍርም ለአባቴም ጭምር።

ዛሬ ራሴ የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ሰሞን በአዲስ ቀለም ባስቀባሁት ግድግዳ ላይ ከዳር እስከ ዳር ድመት ሥላበት አገኘኋትና ሳላስበው እጄ ወደ ላይ ወጣ። አየሁት፤ የአባቴ እጅ ነበር፣ መንገዱን ሳልነግረው የሚያውቅ። ልጄ ቀና ብላ አየችው። አልሸሸችም፣ ትከሻዋንም አልሰበሰበችም፤ የተነሣ እጅ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

«እማዬ፣ ምን ልታወርጅ ነው?» አለችኝ።

እኔ በእሷ ዕድሜ ምን እንደሚያወርድ አውቅ ነበር።