በቶይባ ኮምፒዩተር ላይ የተገነባው ቋንቋ

ኑርሁሴን መቀመጥ አይሆንለትም። ከሚሴ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የኮምፒዩተር ማሰልጠኛ ያስተምራል፤ ሲያስተምርም፣ ስልክ ሲያወራም ይንጎራደዳል። በ2003 ዓ.ም. ጥር ላይ ግን ይህ ጠባዩ ባሰበት። ኃላፊዋ ወይዘሮ ዓዲላ፣ የፕሮግራም ትምህርቱ ሰኞ ካልተጀመረ ክፍሉን ለታይፕ ሰልጣኞች እንደሚሰጡት ነግረውታል። ከሰንበቴ ከተማ ድረስ መጥተው የተመዘገቡ ልጆች አሉ።

የሚያስተምረው ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ከደሴ በፍላሽ ያመጣው ግን ያለቀለትን ሳይሆን ምንጩን ነበር፤ ማለትም ሰዎች የጻፉትን፣ ማሽኑ ገና የማይረዳውን ጽሑፍ። ይህ ጽሑፍ ፋይል በፋይል ወደ ማሽን ቋንቋ ይለወጥና መጨረሻ ላይ ይገጣጠማል፤ ግንባታ የሚባለው ይህ ነው። ፈጣኑ ኮምፒዩተር የጸሐፊዋ የቶይባ ስለሆነ፣ እዚያ ገንብቶ ወደ ሌሎቹ ሊገለብጠው አሰበ።

አጠገቡ ተቀምጦ ትእዛዝ በትእዛዝ መጻፍ ግን ለሱ አይሆንም። ስለዚህ ትእዛዞቹን ሁሉ በተራ አንድ ፋይል ውስጥ ጻፋቸው፤ ሼል ስክሪፕት ይሉታል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ስክሪፕቱ ራሱ ሥራ ይጀምራል። እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። የግንባታው ፕሮግራም ቀን ያነጻጽራል፦ የተገነባው ፋይል ከምንጩ በኋላ የተሠራ ከሆነ ያልፈዋል፤ ምንጩ የቅርብ ከሆነ ግን «ተለውጧል» ብሎ እንደገና ይሠራዋል። እንግዲህ ካቆመበት መቀጠል ነበረበት።

አልቀጠለም። መብራት በሄደ ቁጥር ከ«ሀ» ይጀምራል። ኑርሁሴን ግቢ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ስክሪፕቱን ይነካካል፣ ደግሞ ይወጣል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቶይባ ሰለቻት።

«ታኢ ሜ! ቁጭ በል፣ ወላሂ ወለሉን ጨረስከው» ብላ ወንበሯን ለቀቀችለት።

ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የሚሮጡትን መስመሮች ያነበበው ገና ያኔ ነው። ከመሀላቸው አንድ ማስጠንቀቂያ ይደጋገማል፦ የፋይሉ ቀን ገና ያልደረሰ ቀን ነው። የፋይሎቹን ቀን ተመለከተ። ምንጮቹ 2010 ይላሉ፤ ዛሬ የገነባቸው 2003።

ምንጮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የቶይባ ኮምፒዩተር በእኛ! ማሽኑ የተገነባው ሁሉ ከምንጩ በሰባት ዓመት የቀደመ ስለሚመስለው ሁሌ ይደግመዋል።

ሲያስረዳት ሳቀች። «ልጅ ከእናቱ በፊት ተወለደ በለኛ። ቀኑን የሞላኸው አንተው አይደለህ? ደብዳቤው ላይ የእኛን ቀን ራሱ ያወጣልሻል ብለህ።»

እሱው ነበር። የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለሰ፤ ስክሪፕቱ አናት ላይም ቀን አስቀድሞ የሚፈትሽ መስመር ጨምሮ አስጀመረው። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደ። ኑርሁሴን ደንግጦ ተነሳ፤ እስኪመለስ ድረስ ከበር እስከ መስኮት ተመላለሰ። ሲመለስ ስክሪፕቱ ያለቁትን እየዘለለ ካቆመበት ቀጠለ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ሳለ ቶይባ ብቅ ብላ፣ የደብዳቤውን ቀን በእጇ የምትጽፈው እስከ መቼ እንደሆነ ጠየቀችው። በሰልጣኞቹ መሀል እየተንጎራደደ፣ ለሱም ስክሪፕት እንደሚጽፍላት ነገራት።