ያላየኋቸው ጣቶች

የያዙን ክላሪኔት ስንቃኝ ነው። የቀበሌያችን የወጣቶች ኦርኬስትራ ልምምድ ላይ ነበርን። ታጣቂዎች በሩን በርግደው ገቡና ይህ ልምምድ ሳይሆን ስብሰባ ነው አሉ። ክላሪኔቶቻችንን ወንበር ላይ ትተን ወጣን። እኔንና ጓደኛዬን አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን። እሱ አንደኛ ክላሪኔት ነበር፣ እኔ ሁለተኛ፤ እሱ ዜማውን ይጫወታል፣ እኔ ከሥር አጅበዋለሁ።

ክፍሉ ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። እግር ለመዘርጋት ተራ ይጠበቃል። ማፏጨትም ማንጎራጎርም ክልክል ነው። ጓደኛዬ ግን አርፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም፤ እዚያው አዲስ ዜማ መፍጠር ጀመረ። ጉልበታችንን አጥፈን ስለምንቀመጥ ቅልጥማችን ክላሪኔታችን ሆነ። ድምፅ ሳናሰማ በጣታችን ብቻ እንጫወት ነበር።

«መጀመሪያ ያንተን ድርሻ ያዝ» አለኝ።

«ዜማውንስ?»

«ዜማውን ካወቅክ ያንተን ጥለህ እኔን ትከተላለህ። አላውቅህም እንዴ? ወደ እኔ ጣት እንዳታይ!»

እውነቱን ነው፤ ልምምድ ላይም ሁልጊዜ የምሰደበው በዚሁ ነበር። ስለዚህ ዓይኔን ከራሴ ጣቶች ሳልነቅል አጠናሁ። እሱ ትከሻው ትከሻዬን እየነካ ዜማውን ቅልጥሙ ላይ ይጫወታል። ዞር ብል አየው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእኔን ድርሻ ሳልሳሳት ጨረስኩ። ሳቀብኝ።

«ነገ ዜማውን አሳይሃለሁ። ከእንግዲህ ከድርሻህ አትኮበልልም።»

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፍቶ ስሙ ተጠራ። ከዚያ ክፍል እንደዚያ ተጠርቶ የተመለሰ ሰው አላየንም። ተነሣና የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ መድረክ ልንወጣ ስንል እንደምናደርገው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። አፉን ሳይከፍት፣ ከመጫወታችን በፊት ሁልጊዜ የሚሰጠኝን የመቃኛ ድምፅ ሰጠኝ።

«ዝም በል!» አለ ጠባቂው።

ያንኑ ድምፅ መለስኩለት። ጠባቂው ዞሮ አፈጠጠብኝ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ትንፋሼ እስኪያልቅ አላቋረጥኩም። ጓደኛዬ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

እኔ ተፈትቼ አሜሪካ ገባሁ፤ ልጄም እዚህ አሌክሳንድሪያ ከተማ ስታድግ በወጣቶች ኦርኬስትራ ክላሪኔት ተጫውታለች። አሁን ደግሞ የእሷ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ ትጫወታለች። ለሁለቱም ያንን የማጀቢያ ድርሻ አስተምሬያቸዋለሁ። እኛ ቤት ሦስት ትውልድ ሙሉ አጃቢ ነው፤ ዜማውን የሚያውቅ የለም።

ባለፈው የልጅ ልጄን ከልምምድ ስመልሳት መኪና ውስጥ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ሜሎዲው የታለ?»

«አልተማርኩትም፣ የኔ እናት።»

«ታዲያ እኔ ክሪኤት ላድርግልዎት? ሪሊ፣ ኢዚ ነው።»

«አይሆንም» አልኳት።

ደነገጠች። ጠይቃኝ እምቢ ብያት አላውቅም።

«ባለቤት አለው» አልኳት ቀስ ብዬ።

ቤት ገብተን አብረን ተጫወትነው፤ እሷ በክላሪኔቷ፣ እኔ ሶፋ ላይ ተቀምጬ በቅልጥሜ። መሀል ላይ ዓይኔን ከጣቶቼ አነሣሁና ወደ ጎኔ ዞርኩ። ማንም አልነበረም። ምነው ያኔ አንዴ እንኳ እምቢ ብዬው ዞር ባልኩ ኖሮ።