የዘፈዘፍሁት ዘር

ጽዋው ከቤቴ የገባው ግንቦት ሃያ አንድ ቀን ነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እየተዘመረለት፣ ዳገቱን ይዞ ሲመጣ ሴቱ እልል ይላል፤ እኔም እልል እላለሁ። አፌ ሌላ፣ ልቤ ሌላ ነበር።

ማኅበራችን የእመቤታችን ነው። ከአንኮበር ጋራ በታች ያለን አሥራ ሁለት ቤቶች፣ ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በየተራ እንደግሳለን። ድግሱ ዳቦና ጠላ ነው። ጸሎት ይደረሳል፣ ጽዋው በጠላ ይሞላል፣ ሁሉም ከአንዱ ይጠጣል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ባለተራ ጽዋውን ተረክቦ እስከ ወሩ ቤቱ ያኖረዋል። ተረክቦ አለመደገስ በእመቤታችን ፊት ቃል ማፍረስ ነው። የማኅበሩን አለቃ ደግሞ ሙሴ እንለዋለን፤ ሕዝቡን መርቶ ያሻገረውን እያሰብን። የእኛ ሙሴ ጢማቸው የሸበተ ገበሬ ነበሩ። ሙግት ሲፈርዱ የማያዳሉ፣ ቀልድ የሚያውቁ፣ ምላሳቸው ግን እንደ ምላጭ።

በዚያች ዕለት ባለተራዋ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ነበረች። በሽታ ገብቶ የአገሩ ከብት ያለቀበት ዓመት ነው፤ በሬ የለም፣ እርሻ የለም፣ በየጎታው የቀረው ጥራጊ ነው። ያላትን አሟጣ ጠመቀች፤ ጠላው ቀጠነ። ሙሴ ጽዋውን ወደ ብርሃን ዘንበል አድርገው አዩና፣

«ቅራሪ እንዳልለው ቅራሪ ይቀየመኛል። ይሄማ የጋን እጣቢ ነው» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄያለሁ። መበለቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ከምሰሶው ተጠግታ ቆማ ነበር፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አያታለሁ። ሳምንት ሳይሞላ በሯ በጠፍር ታስሮ ተገኘ። ጎረቤላ ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች አሉ።

እንግዲህ ከዚያ ሳቅ መሐል ጽዋውን የተረከብሁት እኔ ነኝ።

ባሌ ከኅዳር ጀምሮ ዘመቻ ላይ ነው፤ ይኑር ይሙት ወሬው የለም። ሁለቱ በሬዎቻችን በአንድ ሳምንት ነው የወደቁት። ሁለት ሴቶች ልጆች ይዤ ሳማና ጎመን እቀቅላለሁ። ጎታችን ግርጌ ሦስት ቁና ገብስ ነበረ። ባሌ ከመሄዱ በፊት ፍሬ በፍሬ ለቅሞ ያኖረው ዘር ነው። «ብትሞቱም እንዳትነኩት» ብሎኛል። ልጆቼ በረኃብ ሲያለቅሱ አልነካሁትም። ዘር የበላ ቤት የሚመጣውን ዓመት ነው የበላው።

ጽዋው ግን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ ከጨርቁ ውስጥ ሆኖ የሚያየኝ ይመስለኛል። ውኃ ልቀዳ ስወጣ ያየኛል፤ ስመለስ ያየኛል። የጋን እጣቢ የሚለውን ቃል በሙሴ ድምፅ እሰማዋለሁ። እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፈሪ ነኝ። አባቴ ደብተራ ነበርና ፊደል ሲያስቆጥረኝ እንኳ፣ እሳሳታለሁ ብዬ ድምፄን ውጬ ነበር የምቆጥረው። ፈሪ ሰው ደግሞ ለራሱ ምክንያት አያጣም። በሬ ከሌለ ዘሩን ማን አርሶ ይዘራዋል? እዚያው ነቀዝ ከሚበላው ለእመቤታችን ይሁን፤ እንዲህ እያልሁ ሰነበትሁ።

በሰኔ አምስት ዘሩን አውጥቼ ዘፈዘፍሁት። ብቅል ላደርገው ነው።

ትልቋ ልጄ እጄን ያዘችኝ። «እማ፣ የአባዬ ዘር እኮ ነው።»

«በሬ የት አለና? አፍሽን ያዢ።»

«እኛ ሲርበን አይነካም ያልሽው፣ ለጠላ ሲሆን ይነካል?»

ተቆጣኋት። ሰው መልስ ሲያጣ ቁጣ ይቀርበዋል።

በማግስቱ ከውኃው አውጥቼ ቅጠል አልብሼ፣ ድንጋይ ጭኜ አስቀመጥሁት። በሦስተኛው ቀን እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ከደጅ ድምፅ ሰማሁ።

«ቤቶች! ባለጽዋ፣ አለሽ?»

ሙሴ ናቸው። ድግስ ሲቃረብ ባለተራውን መጠየቅ ልማዳቸው ነው። እኔ ግን ሊመረምሩኝ የመጡ መሰለኝ።

«ይግቡ፣ አባቴ።»

ገቡ። ጎንበስ ብለው አየሩን አሸተቱ። «የብቅል ሽታ ነው። እሰይ! በዚህ ዘመን ገብስ ከየት አገኘሽ፣ ልጄ?»

«ከደብረ ብርሃን ገበያ... ሰው ልኬ...»

ትንሿ ልጄ ከማጀት ብቅ አለች። «አይደለም! የአባዬ ዘር ነው» አለች።

ልጄን ውሸት አላስተማርኋትም፤ ያን ቀን ግን ምነው ባስተማርኋት አልሁ።

ሙሴ ወደ ጥጉ ሄደው ድንጋዩን አነሡ፣ ቅጠሉን ገለጡ። ገብሱ ጎንቁሏል። ሥሩ እንደ ሕፃን ጥርስ ነጭ ሆኖ ብቅ ብሏል። እፍኝ ሙሉ አነሡ። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ተቀመጡ ከምል ወደቁ ብል ይቀላል።

«ከዚህ ሌላ ዘር አለሽ?»

«የለኝም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ያን ጊዜ ፍርሃቴ ራሱ አስደፈረኝ መሰለኝ፤ «ለእርስዎ? የጋን እጣቢ እንዲሉኝ?» አልኋቸው።

ከአፌ ሲወጣ ደነገጥሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ተነሥተው የሚረግሙኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን ገብሱን እያዩ ቀስ ብለው፣

«ይኼን ዘር የዘፈዘፍሁት እኔ ነኝ» አሉ። «በእጅሽ ሆነ እንጂ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሥሩን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ፀሐይ ላይ አስጥተሽዋል?»

«ነገ ነበር የማሰጣው።»

«እንግዲያው አልሞተም። ዘር መሬት ገብቶ ነው የሚበቅለው፤ ይሄ ባለቤቱን መስሎ ፈርቶ ቸኮለ እንጂ ነፍሱ አለች። ነገ አፈር ከገባ ይተርፋል፤ ከነገ ወዲያ ግን ሻጋታ ነው።»

«በምን በሬ፣ አባቴ?»

«በአሥራ አንድ በሬ» ብለው ወጡ። መበለቲቱ ከሄደች ወዲህ የማኅበሩ ቤት አሥራ አንድ ነው።

ያን ከሰዓት በየቤቱ ሲዞሩ የተናገሩትን በኋላ ነው የሰማሁት። እርዷት አላሉም። በየደጁ ቆመው፣ «በግንቦት ጽዋ ላይ ሰው አዋርጄ ነበር፤ እናንተም አብራችሁኝ ስቃችኋል። አንዷ አገር ጥላ ሄደች፤ አንዷ ዘሯን ዘፈዘፈች። ነገ ዶማ ይዛችሁ ኑ» ነው ያሉት። ዓሣ ግማቱ ከወደ አናቱ ይላሉ። መልካሙም ከወደ አናት እንደሚጀምር የሚናገር ተረት ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ነው ያየሁት።

ሰኞ በጠዋቱ ጉሙ ከቆላ በኩል ገደሉን እየወጣ፣ ሰዎቹ ከውስጡ አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ዶማ የያዘ አለ፣ መቆፈሪያ የያዘ አለ። በበሬ ላረሰ ሰው መሬት በዶማ መቆፈር ውርደት ነው፤ ድኻ እንኳ አያደርገውም። ስለዚህ ቆመው እርስ በርስ ይተያያሉ። ከዘመቻ ቆስሎ የተመለሰ አንድ ወታደር ከማኅበርተኞቻችን ነበረና እሱ አፉን ከፈተ።

«ሙሴ፣ እኔ ጋሻ የያዝሁበት እጅ ነው ያለኝ። በዶማ አልቆፍርም።»

«ጋሻህ የምን ቆዳ ነው፣ ወንድሜ?»

«የጎሽ ነዋ!»

«ጎሽማ ጉልበተኛ ነው። በል ሂድ አምጣው፤ ጠምደን እንረስበት።»

ሳቁ ጉሙን የበተነው መሰለኝ። ወታደሩም ሳያስበው ሳቀ፤ ስቆ ሲጨርስ እጁ ላይ ዶማ ነበር። ግን ከእሱ በፊት መሬቱን የመቱት ሙሴ ናቸው። ኩታቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ጣሉና፣ እኒያ ሽማግሌ፣ ጎንበስ ብለው መቱ። ከዚያ በኋላ ቆሞ የቀረ አልነበረም።

ዘሩን መበተን አይቻልም፤ ሥሩ ይሰበራል። ሴቶቹ በሰፌድ ይዘን በትልሙ ውስጥ እንደ ጫጩት ቀስ አድርገን አኖርነው፤ አፈሩን በእጃችን መለስንበት። ትልቋ ልጄ ከጎኔ ናት። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። የማሳችንን እኩሌታ እንኳ አልሞላንም፤ ከሦስቱ ቁና አንዱ ያህል ሥሩ ተሰብሮ፣ ተጋግጦ ባከነ። የቀረው ግን መሬት ገባ።

ያን ማታ ልተኛ ስል ጽዋው ትዝ አለኝ። ዘሩ መሬት ገባ፤ ጠላውስ? ፍርሃት አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው ይገባል።

ሰኔ ሃያ አንድ ደረሰ። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፤ የነፍስ አባታችንም መጡ። ቤቴ ውስጥ ያለው የተቀቀለ ጎመንና ከምንጭ የቀዳሁት አንድ እንስራ ውኃ ብቻ ነው። ውኃው ለእጅ መታጠቢያ ነበር። ሙሴ ተነሡ፤ ጽዋውን ከጨርቁ ፈቱ፤ ከእንስራው ውኃ ቀድተው ሞሉት።

ወታደሩ አጉረመረመ። «አሁን ተሰብስበን ውኃ ልንጠጣ ነው?»

«አንተ ለማኅበር ሰው ስትጠራ ምን ብለህ ትጠራለህ?» አሉት ሙሴ።

«ጠበል ቅመሱ እላለሁ።»

«ጠበል ምንድን ነው?»

ወታደሩ ራሱን አከከ። «ውኃ ነው።»

«ታዲያ አባቶቻችን ስሙን ጠበል ሲሉት ኖረው፣ እኛ ጠላ ስናደርገው ኖርን። እነሆ ዛሬ ገና እውነት ተናገርን።»

የነፍስ አባታችን ፈገግ አሉና መስቀላቸውን አንሥተው ባረኩት። ሙሴ ግን ጽዋውን ወደ አፋቸው አላስጠጉም።

«ቆይ» አሉ። «በዚህ ጽዋ ፊት የሰው ቅስም ሰብሬያለሁ። መጀመሪያ የምጠጣው እኔ አልሆንም። ሙሴነቱንም ከፈለጋችሁ ለሌላ ስጡት።»

እኔ ከማጀት በር ላይ ቆሜ ነበር። እንዴት እንደተናገርሁ አላውቀውም፤ «እኔም ስቄያለሁ» አልሁ። ከዚያ አንዲት ሴት፣ «እኔም» አለች። ወታደሩም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ» አለ። ባለፈው ወር አለቃው ሲስቁ የሳቅነው ሁሉ፣ አሁን አለቃው ጥፋታቸውን ሲያምኑ አመንን። ሰው ማለት እንዲህ ነው። የሚመሩት ሰው ፊት ወዴት እንደዞረ አይቶ ፊቱን ያዞራል። ለዚህ ነው የሹም ኃጢአት የአንድ ሰው ኃጢአት ብቻ የማይሆነው፤ ጽድቁም እንዲሁ።

ሙሴነቱን ማንም አልወሰደባቸውም። የነፍስ አባታችን፣ «ንስሐዎ ጎረቤላ ነው ያለው» ብቻ አሏቸው። በማግስቱ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ ብቻቸውን ነበሩ። መበለቲቱ ከደጅ ሳታስገባቸው፣ «ገብሱ ሲያሽት አያለሁ» ብላ መለሰቻቸው አሉ። ሰው ሁሉ ፊት ነገሩን፤ አልደበቁም።

የማኅበራችን ሕግም ከዚያ ወዲያ ተለወጠ። እህል እስኪገኝ ጽዋው በውኃ እንዲሆን፣ የባለተራው ቤት ከመደገስ ይልቅ ማሳው እንዲቆፈርለት ተባለ። ከእኛ በላይ ያለው ማኅበር መጀመሪያ ሳቀብን፤ «ውኃ ጠጪዎች» ይሉን ነበር። በነሐሴ እነሱም ዶማ ይዘው ወጡ።

ክፉው ቀን በዚያ አላለቀም። ብዙ ሰው ቀብረናል፤ የባሌም ወሬ ዘገየ። እኔም ፍርሃቴን አልተውሁም፤ ልጆች ያለው ሰው ይተወዋል ብዬም አላምን። ገብሱ ግን በቀለ። በየቦታው ሳስቶ፣ እንደ ሽማግሌ ጢም ቢሆንም በቀለ። ጥቅምት ላይ ቢጫ ሲል ልጆቼ ከወፍ ሲጠብቁት ይውላሉ።

ያጨድነው ዕለት መበለቲቱ መጣች። በማሳው ዳር አንድ ቅል ይዛ ቆማለች። ሙሴ ሲያዩዋት ማጭዳቸውን ጥለው ቆሙ። እሷ ናት የቀደመችው።

«ተራዬን ልረከብ መጥቻለሁ» አለች ቅሉን ከፍ አድርጋ። «የጋን እጣቢም ይዣለሁ፤ ካነሰ እጨምራለሁ።»

ሽማግሌው እየሳቁ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። ወደ እሷ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው። ሁላችንም ከዚያ ቅል ጠጣን፤ የጎረቤላ ምንጭ ውኃ ነበር፤ ቀዝቃዛ።

ከዚያ አዝመራ የመጀመሪያውን ቁና ፍሬ በፍሬ ለቀምሁት። ግማሹን ለመበለቲቱ በአቁማዳ ሰጠኋት፤ ዘር የላትምና። ግማሹን ከጎታው ግርጌ አኑሬ አፉን በጭቃ መረግሁት። ትልቋ ልጄ ከጎኔ ቆማ ታየኛለች።

«እማ፣ ይሄኛውን ምንም ቢመጣ አትነኪውም?»

«አልነካውም።»

«ጽዋም ቢመጣ?»

«ጽዋማ» አልኋት፣ «ውኃ ይበቃዋል።»