ሰንበት ቀድሞኝ የገባበት ተራራ

እናቴ ተራራ የሚባል ነገር አትወድም። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ ታላቅ ወንድሟ መንገድ ልይ ብሎ ተራራ እንደ ወጣ በዚያው ቀርቶባታል። እኔ ደግሞ አሽዶድ ከተማ፣ አድ ሃሎም ሰፈር ካለው የውሃ ፓምፕ ፋብሪካ ኪርጊስታን ድረስ ፓምፕ ልገጥም ተልኬ፣ ዓርብ ሥራ ስንጨርስ ተራራ ልወጣ ተነሣሁ። በስልክ ስነግራት፣ «የአሽዶድ ባሕር አነሰህ?» አለችኝ። ቀጥላ፣ «ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ድምፅህን አሰማኝ። ካልሰማሁ እህል አልቀምስም» አለችኝ። እናቴ ደግሞ ያለችውን ታደርገዋለች።

አብሮኝ የሚሠራው ኪርጊዝ መካኒክ ስልኬን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ከፊት ቀደመ። የምንግባባው አሽዶድ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈራችን ከሩሲያ ጎረቤቶቻችን በለቃቀምኳት ሩሲያኛ ነው። ሸለቆው ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ጫፉ ላይ ግን ይሠራል ብሎኛል። አቤት አገር! ተራራው ሲያልቅ ሌላ ተራራ፤ ቤት የለ፣ ሰው የለ፣ ፈረስ ብቻውን ይግጣል። ደስታዬ ልክ አጣ፤ እየዘፈንኩ ወጣሁ። የእጅ ሰዓቴን ከአሽዶድ ስነሣ እንደ ነበረ አልነካሁትም፤ የእናቴ ነገር እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው። እሱን አየት እያደረግሁ፣ «ገና ነው፣ ምን አስቸኮለኝ» እያልኩ በየምንጩ አረፍኩ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ እልም አለች። ክው አልኩ። ለካ እዚህ ከአሽዶድ ቀድማ ነው የምትጠልቀው! እናቴ ዘንድ ገና ብርሃን ነው፤ እኔ ላይ ግን ሰንበት ገባብኝ። በሰንበት ስልክ ነክቼ አላውቅም። እሷ ደግሞ ጦሟን ልታድር ነው። በንዴት ባርኔጣዬን መሬት ላይ ወረወርኩት።

ያን ጊዜ ስልኩ ቦርሳው ውስጥ ጮኸ። ባልደረባዬ አውጥቶ ዘረጋልኝ፤ እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ። ግራ ቢገባው ራሱ አነሣውና ድምፁን ከፍ አደረገው። እናቴ ሃሎ እንኳ ሳትል ምርቃቷን ለቀቀችው። «መንገድህ ይቃና፣ ክፉ አይንካህ፣ እግዚአብሔር በሰላም ይመልስህ...» ባልደረባዬ አንድም ቃል ሳይገባው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። እኔ ከቆምኩበት፣ በሙሉ ድምፄ፣ «አሜን!» አልኩ።

ድምፄ ከሩቅ ሲመጣባት ገባት። «ሰንበት ገባብህ እንዴ?»

«ገባብኝ፣ እማዬ።»

«ተራራው ላይ ነህ?»

«ጫፉ ላይ ነኝ። ደህና ነኝ።»

ረጅም ትንፋሽ ስትተነፍስ ሰማኋት። «ስልኩን የያዘልህን ሰው እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ» አለች። ትዘጋዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እስኪ ንገረኝ» አለችኝ፣ «ከዚያ ላይ ምን ይታያል?»