እግሯ የማይከተለው ዘፈን

ልብስ ሰፊዋ አይን አፋር ናት። ሰው ፊት ዘፍና አታውቅም። የምታንጎራጉረው ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ ነው፤ እግሯ መርገጫውን ቀስ እያለ ሲረግጥ፣ ድምጿም አብሮ ቀስ ይላል።

እናታቸው ያረፈች ሰሞን፣ እሷ አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ የድምፅ መቅረጫ ይዞ ወደምትሰፋበት ሱቅ መጣ። የሚሠራው ሙዚቃ ቤት ነው።

"እታለም፣ የእማዬን እንጉርጉሮ አንዴ በይልኝ። ለቤታችን ነው፣ ማንም አይሰማውም።"

አለችለት። መሀል ላይ ሲቃ ያዛትና ቆም ብላ ጨረሰችው።

"እዚያ ጋ ቁረጠው" አለችው አፍራ።

"አልነካውም። እንዲህ ነው የሚያምረው።"

አመነችው። ማንን ልታምን ኖሯል?

ከወራት በኋላ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሱቅ ውስጥ ስትሰፋ ሬዲዮው አዲስ ዘፈን ለቀቀ። ከበሮው ያስጨፍራል። ፈንድሻ የሚሏት ሳቂታዋ ባልደረባዋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። የልብስ ሰፊዋ እጅ ጨርቁ ላይ ቀረ። ግጥሙ የእናቷ ነው። ድምፁም የራሷ፣ ግን ይሮጣል። ሲቃ የያዛት ቦታ ሲደርስ "ህክ!" አለ።

"አዳምጧት! ስቅ አላት እኮ!" አለች ፈንድሻ። "ማን አንስቷት ይሆን? ውሃ ስጧት!"

ሁሉም "ህክ! ህክ!" እያሉ ይረግጡ ጀመር። መኪናዎቹ ፈጠኑ፣ የእሷ ብቻ ቆመ።

"ምነው እትዬ፣ ክር ተበጠሰብሽ?"

"አዎ" አለች። ክሩ ግን ደህና ነበር።

ማታውኑ ወንድሟ የሚሠራበት ሙዚቃ ቤት ሄደች። ግድግዳው ስፖንጅ የለበሰ ጠባብ ክፍል ነው።

"ቃልህስ?"

"ድምፅሽን ከነካሁት የእማዬ አጥንት ይፋረደኝ! ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ብቻ ነው የጨመረው። አልቀጠነ፣ አልወፈረ፣ አንቺው ነሽ። ሰው እየጨፈረበት እኮ ነው!"

"እሱን ነው እኮ የምልህ።"

ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረ።

"በል እንደነበረው መልስልኝ።"

አንገቱን ደፋ። የመጀመሪያውን አጥፍቶታል። የፈጠነውን መልሶ አዘገየላት። ሲቃዋ ጋ ሲደርስ እንደ ቆርቆሮ ተንቋቋ። ሳትሰናበተው ወጣች።

በማግስቱ ሱቅ ውስጥ እግሯ መርገጡን ጀመረ፤ አፏም ሳታውቀው እንጉርጉሮውን አነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እናቷ።

"ኧረ እትዬ፣ አበላሸሽው!" አለች ፈንድሻ እየሳቀች። "ዘፈኑ እኮ ፈጣን ነው። ደሞ ስቅታዋን ረሳሻት!"

ልብስ ሰፊዋ አፏን ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ከእሷ በኩል የሚሰማው የመኪናው ድምፅ ብቻ ነው።